ዳቦ ቤት የተጋገረው ኤሌክትሮድ

ፍርሃት ለሰው ሁሉ እኩል አልታደለም። አንዱ ውሻ ይፈራል፤ ሌላው ገደል ይፈራል፤ አማቴ ደግሞ ማለዳ የሚጮህ ስልክ ይፈራሉ። እኔ የምፈራው እርጥበት ነው። ጎጃም ተወልዶ፣ ደብረ ማርቆስ ኖሮ፣ ያውም በነሐሴ እርጥበት የሚፈራ ሰው አገር ቢቀይር ይሻለዋል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬው ነበር። የሆነብኝን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ሙያዬ ብየዳ ነው። የግቢ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጣ የተሰበረ ማረሻ እበይዳለሁ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የመበየጃው ዘንግ፣ ጠባዩ መልካም ነው። ዝናብ ቢመታው፣ ዶሮ ቢተኛበት፣ መሬት ላይ ወድቆ ቢያድር አኩርፎ አያውቅም። እኔ የበየድኩት በር በእርጥብ ዘንግ ተበየደ በደረቅ፣ መዘጋቱን ይዘጋል። እንዲህ ተከባብረን ስንኖር ነው ኒኬል የመጣብኝ።

ራሱ አልመጣም፤ አፌ ነው የጠራው። ድሮ አንድ ትልቅ የግንባታ ሥራ ላይ ተቀጥሬ ሳለሁ የኒኬል ብየዳ ተምሬአለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ብል ከተማው ይታዘበኛል። ሠርግ ላይ ተናግሬአለሁ፣ እድር ላይ ተናግሬአለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተናግሬአለሁ። ባለቤቴ ጥሩዬ፣ «አንተ ሰው፣ ኒኬል ኒኬል ስትል አንድ ቀን ሰምቶህ ይመጣል» ትለኝ ነበር።

ሰምቶኝ መጣ። ጥሩዬ የምትሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የጽዳት ኬሚካል ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው። የፋብሪካው ዋና የአሲድ ታንከር በመጋጠሚያው በኩል ማንጠባጠብ ጀመረ። ሥራው ቆመና እነጥሩዬ «ታንከሩ እስኪሠራ ቤታችሁ ጠብቁ» ተባሉ። ጥበቃው ሲረዝም ደግሞ፣ ታንከሩ ካልዳነ ማሸጊያ ክፍሉ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል የሚል ወሬ መጣ። ጥሩዬ ቤት መቀመጥ የማታውቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ወለሉን አጠበች፤ ከዚያ ግድግዳውን አጠበች፤ ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ አሳረፈች። ቀልዴን አይደለም፤ ቀጥሎ የምታጥበው እኔን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ሁሉን አጥባ ስትጨርስ ግን የሥራ ልብሷን አውጥታ ታጣጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ታጣጥፈዋለች። ይቺ ነገር አንጀቴን በላችው።

የፋብሪካው ኢንጂነር ሰላም የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ናት። ወሬዬን ሰምታ አስጠራችኝና ከቀድሞ በተረፈ የኒኬል ዘንግ ቁራጭ ብረት ላይ አስበይዳ ፈተነችኝ፤ አለፍኩ። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። አሲዱ ተራውን ብረት ወንፊት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ታንከሩም፣ የሚበየድበት ዘንግም ከኒኬል ቅይጥ መሆን አለበት። ዘንጉ ላይ የተለበጠው ልባስ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ ለውስጥ ይቦረቦራል።

«ቀዳዳዋ ለዓይን ላትታይ ትችላለች» አለችኝ። «አንተ ባታያት አሲዱ ያያታል።»

ይህን የተናገረችው በጣም በለሰለሰ ድምፅ ነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ስተኛ የማየው ያቺን የማትታይ ቀዳዳ ሆነ።

ኤሌክትሮዱ ከውጭ አገር ታዝዞ፣ ብዙ ተጠብቆ፣ አዲስ አበባ ገባ። የመጣው አንድ ፓኬት ብቻ ነው፤ ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። በአውቶቡስ ተላከልን ሲባል መናኸሪያ ሄጄ ቆምኩ። እግሬ መናኸሪያ ይቁም እንጂ ልቤ ከፓኬቱ ጋር ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ደጀን ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ አውቶቡሱ ሲደርስ ፓኬቱ ያለው ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ነው። ያውም የረጠበ የድንች ጆንያ ተጭኖበታል። ረዳቱ ወርውሮ ሲያቀብለኝ ክዳኑ ተጣሞ አፉን ከፍቷል።

«ብረት አይደለም እንዴ፣ ምን እንዳይሆን ነው?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

ዘንጎቹን በጣቴ ነካ አደረግኳቸው። ቀዝቀዝ፣ ወዛ ብለዋል። ከጣሪያው የወረደው ጆንያ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የድንቹ ባለቤት እስክታስነሳኝ ድረስ አልተነሳሁም።

ለኢንጂነር ሰላም ደወልኩላት። «አይዞህ፣ አልተበላሹም» አለች። «በንጹሕ የብረት ሣጥን ተዘግቶባቸው በኃይለኛ ደረቅ ሙቀት ረዘም ላለ ሰዓት ከተጋገሩ ይመለሳሉ። ከዚያ ትኩሱን እንደታቀፍካቸው ታመጣቸዋለህ። አንዲት ጠብታ ውኃ እንዳትነካቸው። ችግሩ የእኛን ማድረቂያ ሽቦ አይጥ በልታው ተቃጥሏል። ምነው እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ያለ ነገር በኖረን…»

ለምሳሌ ነበር ያለችው። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ባጃጅ ውስጥ ገብቻለሁ፤ በመንገዴ ከቤቴ ንጹሕ የብረት ሣጥን አንስቼ ዘንጎቹን ከተትኩበት።

ዳቦ ቤቱ የሰፈራችን ነው፤ ባለቤቱ ጋሽ ደሴ በእንጨት የሚነድ ትልቅ ምድጃ አላቸው። እኔ ያልቆጠርኩት ቀኑን ነው። ቀኑ የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ሌሊት የቀረው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ለበዓሉ ያቦኩትን ድፎ በየሳፋውና በየባልዲው ይዘው ተራ ጠብቀዋል።

«ጋሽ ደሴ፣ እባክዎ ይህን ሣጥን ምድጃ ውስጥ ይክተቱልኝ» አልኩ።

«ምንድን ነው?»

«ብረት ነው።»

ጋሽ ደሴ ሣጥኑንም እኔንም አዩ። «ይህን ያህል ዘመን ስጋግር ብረት አቡክቶ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም» አሉ።

ታንከሩን፣ እርጥበቱን፣ የጥሩዬን ሥራ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላቸው። የማሸጊያ ክፍሉ ሲነሳ የሴቶቹ ልብ ራራ፤ የግማሾቹ ልጆች እዚያው ነው የሚሠሩት። ያልራሩት እትዬ ሙሉ ብቻ ናቸው። እትዬ ሙሉ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ ነገር ከሥሩ የሚመረምሩ ሴት ናቸው። ሣጥኑን ከፍተው ዘንጎቹን አዩና፣ «ይሄ የተቀባው ነገር የጾም ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እትዬ፣ ይህ አይበላም እኮ።»

«አለመበላቱን አየሁ። የማርያም ዳቦ የሚገባበት ምድጃ ስለሆነ ነው። ቅቤ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ማልልኝ።»

ለኤሌክትሮድ ጾም መያዝ ማልኩ። ዳቦና ዘንጉን አንድ ላይ መክተት ግን አይቻልም፤ ዳቦ ሲበስል ይተናል፣ እንፋሎት ደግሞ ለእኔ ከጎርፍ አይተናነስም። ጋሽ ደሴ ፈረዱ። ቡኮው ኩፍ እስኪል ብረቱ ቀድሞ ይገባል፤ ቡኮው ሲደርስ ብረቱ ይወጣል። ሁላችንም ተስማማን፤ ቡኮውን ግን የጠየቀው የለም።

ውጭው ብርድ ነው፤ ምድጃው አጠገብ ግን ይሞቃል። ቡኮው ሙቀቱን ሲያገኝ ጊዜ አልወሰደበትም፤ ኩፍ ኩፍ እያለ የሳፋውን ጠርዝ መግፋት ጀመረ። ብረቱ ገና ነው። ቡኮ አይጠብቅም፣ ኒኬል አይቸኩልም፤ እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜ ላብ በላብ ሆንኩ። ላቤም እርጥበት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ከምድጃው ራቅኩ። ርቄ እንዳልቆም ደግሞ ልቤ አላስቀመጠኝም፤ ተመልሼ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አያለሁ። ጋሽ ደሴ፣ «አንተ ስታየው አይደለም የሚበስል» ብለው ያባርሩኛል።

«ልጄ፣ ቡኮው ሊፈስ ነው» አሉ እትዬ ሙሉ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል እትዬ።»

«እኛ ሳንቸኩልም እየፈሰሰ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የአንዷ ቡኮ ባልዲውን ሞልቶ ወደ ወለሉ እየወረደ ነበር። ይሄኔ ዝናቡ ጣሪያውን ያንኳኳ ጀመር። አንዲት ሴት እጇን ታጥባ ስታራግፍ ዘልዬ በእሷና በምድጃው መሃል ቆምኩ። ሌላዋ ነጠላዋን ስትጨምቅ ጮኬ መለስኳት። አንድ ሽማግሌ ዳቦ ሊገዙ ገብተው ሲያስነጥሱ ምድጃውን በጀርባዬ ከለልኩት። ሰው እያየኝ እንደሆነ አላስተዋልኩም። እትዬ ሙሉ ግን አንድ በአንድ እያዩ ነበር።

በመጨረሻ ሰዓቱ ደረሰ። ጋሽ ደሴ በረጅሙ መቅዘፊያ ሣጥኑን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ጨርቅ ደራርቤ ክዳኑን ገለጥ አደረግኩ። ልባሳቸው ደርቋል፣ ንጣታቸው ተመልሷል። ደስታዬ ግን ክዳኑን እስክመልስ እንኳ አልቆየም።

የሰፈራችን የንስሐ አባት መምሬ ይሁኔ ከቅዳሴ ወጥተው፣ በጀሪካን ጸበል ይዘው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። እትዬ ሙሉ ናቸው ያስጠሯቸው። «አባ፣ ከማርያም ዳቦ በፊት ብረት ገብቶበታልና ምድጃውን ይባርኩልን። ብረቱንም ጭምር፤ ለልጆቹ እንጀራ ነው» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት፤ ክፋት የለበትም። መምሬ ይሁኔም ከልባቸው ነው፤ እፍኛቸውን ሞሉ፣ «በስመ አብ» አሉ፣ እጃቸውን አነሱ።

ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ አያስብም። እኔ ሣጥኑ ላይ ተደፋሁ።

ደረቴ እየተለበለበ፣ ጸበሉ ጀርባዬ ላይ እየወረደ፣ «አባ፣ ይተዉ፣ ውኃ እንዳያስነኩት» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ፤ የወጣው ከማላውቀው ጉሮሮ ነው። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ጸበል ሲመጣ የሚሸሽ፣ ሲነካው የሚጮህ ማን እንደሆነ በእኛ አገር የሚጠይቅ ሰው የለም።

«እኔ ከቅድም ጀምሮ አይቸዋለሁ» አሉ እትዬ ሙሉ ቀስ ብለው። «ውኃ ባየ ቁጥር ነው የሚዘል።»

የጋሽ ደሴ ሁለት ዱቄት ተሸካሚዎች ግራና ቀኝ እጄን ያዙኝ። ኩንታል የለመደ እጅ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። መምሬ ይሁኔ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አኑረው፣ «ማን ነህ?» አሉ።

የሚጠይቁት እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማንን እንደሚጠይቁም አውቃለሁ። ግን የተከፈተው ሣጥን ከዓይኔ ሥር ነው፤ ጸበሉ ከጸጉሬ ይንጠባጠባል፤ ልቤ እዚያ ተሰቅሎ አፌ ብቻውን ቀረ።

«አባ፣ ክዳኑን ይዝጉልኝ።»

«ከየት መጣህ?»

«ይህማ ከውጭ አገር ነው የመጣው፤ ክዳኑን ብቻ።»

ሴቶቹ አማተቡ። «የውጭ ነው» አለች አንዷ።

«ምንድን ነው የምትጠላው?» አሉ መምሬ ይሁኔ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«እርጥበት» አልኩ። ከዚህ የበለጠ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ተሸካሚዎቹ ከጠረጴዛው ገለል አደረጉኝና ጀሪካኑ ራሴ ላይ ተገለበጠ።

ጥሩዬ የገባችው ይሄኔ ነው። እሷም ከቅዳሴ መምጣቷ ነበር። ሴቶቹ «እሰይ መጣሽ፣ ባልሽን ያዘው» አሏት። ያላገባ ሰው ይታዘባት ይሆናል፤ ጥሩዬ መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም። ሣጥኑን አየች፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ጀሪካኑን። ዘንጉ ውኃ እንደማይወድ ከእኔ ሌት ተቀን ስትሰማ ሰንብታለች። ክዳኑን ገጥማ፣ የለበሰችውን ጋቢ ገፍፋ፣ ሣጥኑን ደጋግማ ጠቀለለችና ታቅፋው በፋብሪካው አቋራጭ ወደ ዝናቡ ሮጠች። ባሏ ጸበል ላይ ተይዞ ሣጥን ይዛ የሮጠች ሚስት ተብላ ዛሬም ድረስ ይወራባታል።

እኔ የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። «አባ፣ ለቅቄአለሁ» አልኩ። «እለቃለሁ አይደለም፤ ለቅቄ ጨርሻለሁ። ልሂድ።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ፋብሪካ።»

መምሬ ይሁኔ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። የለቀቀው ነገር ፋብሪካ እሄዳለሁ ካለማ የንስሐ ልጆቻቸው ሁሉ እዚያ ናቸው። «ብቻህን አትሄድም» ብለው አብረውኝ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ጋሽ ደሴ ልብሴ ውኃ መሆኑን አይተው ነጭ የጋጋሪ ካፖርታቸውን ሰጡኝ። እንዲያ ዱቄት መስዬ፣ ጎኔ ካህን ተቀምጦ፣ የማርቆስን መንገድ በዝናብ አቋረጥኩ። ሰላም ያሉኝን አልመለስኩም።

ፋብሪካው በር ላይ ጥሩዬ ቆማለች። ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል፤ ሻሿ ተፈትቶ ውኃው በአፍንጫዋ ጫፍ ይወርዳል፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ጋቢው የሣጥኑ ነው፤ ለራሷ ጫፉን እንኳ አላስተረፈችም።

«እጅህን ጠራርግና ዳስሰው» አለችኝ።

ዳሰስኩት። ይሞቃል። ውስጠኛው እጥፋት ደረቅ ነው። ለዘንጉ ስንሰፈሰፍ የሰነበትኩ ሰው፣ ይቺን ሴት ብርድ ይመታት ይሆን ብዬ አንድ ቀን አስቤ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ታወቀኝ። አለቀስኩ ብል አታምኑኝም፤ በዝናብ ውስጥ ደግሞ ማስረጃ የለኝም።

ኢንጂነር ሰላም ታንከሩን አሳጥባ፣ አናፍሳ፣ የተበላውን መጋጠሚያ አስሞርዳ ጠብቃኛለች። ካፖርቴንም ካህኑንም አየችና ደረቅ ቱታና ጓንት አስመጣችልኝ። ማስኬን አጠለቅኩና ጀመርኩ። ዘንጉን ከሣጥኑ አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ እያንዳንዱን ሳነድ ትንፋሼን ይዤ ነው። መምሬ ይሁኔ ከሩቅ ወንበር ተሰጥቷቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ያለቀውን ጀሪካን እግራቸው ሥር ሳይ፣ ከታች የቀረች ጭላጭ ትኖር ይሆን እያልኩ እሳቀቃለሁ።

መስመሩ አለቀ። ሲቀዘቅዝ ኢንጂነር ሰላም በውጭ በኩል መጋጠሚያውን ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ለቀለቀችው።

«አሁን ውስጡን ውኃ እንሞላዋለን» አለች። «ቀዳዳ ካለ ጠመኔው ይረጥባል።»

ቀኑን ሙሉ ከውኃ ስሸሽ ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ውኃ ያጠጡልኝ ጀመር። ታንከሩ ሿ እያለ ሲሞላ ጥሩዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። የቱታዬን ጀርባ ጨብጣ ይዛለች። ጠመኔው ነጭ ነው። ቆየን፤ አሁንም ነጭ ነው። ማስኬን አውልቄ ጎንበስ አልኩ፤ ዓይኔን መስመሩ ላይ ልተክለው ምንም አልቀረኝም።

ፊቴ ላይ፣ መሃል መስመሩ ላይ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ አለች።

ነጥቧ ሰፋች። ጥሩዬ ቱታዬን ለቀቀችው። ያን አለቃቀቅ እስክሞት አልረሳውም፤ ድምፅ ባይኖረውም ሰምቼዋለሁ። «ያችው ናት» አልኩ። «የማትታየዋ ናት።»

ኢንጂነር ሰላም ቀና ብላ አየችኝ። «እስቲ ወደ ኋላ ሁን» አለች። ነጥቧን በጨርቅ ጠረገች፣ ጠመኔ ደገመችበት፣ ጠበቀች። አልረጠበችም። አሁንም ጠበቀች። ነጭ ናት። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ግንባሬን አመለከተችኝ። ውኃው የሚንጠባጠበው ከጸጉሬ ነበር። ላብ ይሁን የመምሬ ይሁኔ ጸበል እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

መምሬ ይሁኔ ተነስተው መጥተው ታንከሩን ዞረው አዩት። «አሁንስ ውኃ አይፈራም?» አሉኝ።

«አይፈራም አባ። አሁን ሞልቶበት ያድራል።»

«ተመስገን» አሉ፤ የታንከሩን ይሁን የእኔን አልገባኝም። ጥሩዬ መሬት ተቀምጣ ትስቅም ታለቅስም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ለብሼው የመጣሁትን አንስቼ ለእሷ ደረብኩላት፤ የጋሽ ደሴን ካፖርት ነው፣ ግን ደረብኩላት።

በማግስቱ ኪዳነ ምሕረት ሆነች። ጾሙ ተፈታ፤ ማኅበርተኛው ቤታችን ተሰበሰበ። ጥሩዬ ከበዓሉ ቀጥሎ ሥራ ግቡ ተብለው ስለተጠሩ የሥራ ልብሷን አጣጥፋ ጨርሳ፣ ዳግም ሳትፈታው አልጋው ጫፍ አኑራዋለች። እትዬ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ይኸው ፊትህ በራ፣ እንደ ሰው ሆንክ» እያሉ ያጎርሱኛል። እኔም ነገሩን ላስረዳቸው አልሞከርኩም፤ በሰላም መጉረስ ከማስረዳት ይሻላል። ከዚያ ያ ቡኮው የፈሰሰበት ድፎ መሃል ቀረበ። ዳግም ሞቆ ነው የመጣው፣ ደረቱን ነፍቶ ይጨሳል። መምሬ ይሁኔ ለመባረክ ተነሱ፤ ጸበሉን በእፍኛቸው ያዙ፤ «በስመ አብ» ብለው እጃቸውን አነሱ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። እጄ መቼ እንደሄደ አላየሁትም። ልቦናዬ ሲመለስ ዳቦው ላይ ተደፍቻለሁ።

እትዬ ሙሉ ሊያጎርሱኝ የያዙትን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሰው፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ለመምሬ ይሁኔ በሐዘን ነገሯቸው።

«አልለቀቀውም አባ። ገና ነው።»